አመመኝ የማይል አባት

አባቴ አመመኝ የሚል ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ከደሴ አዲስ አበባ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ፣ የጣርማ በርን ዳገት እንደ ጓሮው የሚያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡን ሲይዘው ሪህ ነው አለ። እኔም ሪህ ነው አልኩት። ካንሰር መሆኑን፣ አጥንቱ ውስጥም መግባቱን ሐኪሙ የነገረው ለኔ ብቻ ነው። ለራሱማ ማን ደፍሮ ይነግራል! እናቴ ሞታለች፣ ወንድሜ ጅዳ ነው። ያን ወሬ ይዤ ገርጂ ባለችው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን እገባለሁ፣ ብቻዬን እወጣለሁ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ገርጂ ያኔ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከአልጋው መነሳት አቃተው። ጎረቤቶች ተሸክመው ኮንትራት ታክሲ ውስጥ አስገቡልን። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከንፈሩን ይነክስና ሹፌሩን «ማርሽ ቀንስ እንጂ የኔ ልጅ» ይለዋል።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ከጎናችን እግሩ የተሰበረ ወጣት ጣሪያውን እስኪነቅለው ይጮሃል። ሁሉም ወደሱ ሮጠ። ዶክተሩ እኛጋ ሲደርስ፣

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አለው።

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጅ። አንተስ ደህና ነህ?»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ አለፈ። ተመልሶ መጣ፣ ጠየቀ፣ አሁንም አልሐምዱሊላህ። የአባቴ እጅ ግን የአልጋውን ብረት እንደ መሪ ጨብጦ አልለቅም ብሏል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ መድኃኒትም አይገባበትም።

ዶክተሩን ተከትዬው ሄድኩ። «ዶክተር፣ እባክዎ አይመኑት፤ በጣም እያመመው ነው» አልኩት። ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጥቂት እንደሆነ፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት እንደሚቀመጥ ነገረኝና «እስቲ ከራሳቸው አፍ ልስማው» ብሎ አብሮኝ ተመለሰ።

«አባ፣ እንደሚያምህ ንገረው።»

አባቴ ተቆጣ። «አመመኝ ብዬ ማንን ልክሰስ? አላህን?»

ተናደድኩ። በሱም፣ በዶክተሩም፣ ምንም በማያውቀው ወንድሜም። እንዲህ እንደተጨማደደ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ንዴቱ ይሆናል ያናገረኝ፤

«እሺ አባ፣ አሁን ጭነት አለ ተነስ ቢሉህ ጣርማ በርን ትወጣዋለህ?» አልኩት።

አሰበ። አባቴ በመኪና ነገር ዋሽቶ አያውቅም።

«ጣርማ በር? ኧረ በዚህ ወገብ ከጋራዥም አልወጣ። ሻንሲው ነው የተሰበረው። ከረመዳን ወዲህ እየጎተትኩት ነው።»

ዶክተሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየና ነርሷን የመርፌውን ሣጥን ቁልፍ እንድታመጣ አዘዛት። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሻንሲ ለሹፌር የመኪናው አጥንት ነው። ምን እንዳለ እሱ አያውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መርፌውን ከተወጋ ጥቂት ቆይቶ እጁ ብረቱን ለቀቀ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። የግንባሩ ሽብሽብ ሲፈታ ሳየው፣ ለካ የገዛ ፊቱን ካየሁት ቆይቻለሁ፤ እስከዚያ አብሮኝ ሲኖር የከረመው ሕመሙ ነበር። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሰኝ፤ አባቴ ተመልሶ መጣልኝ፣ ያን ወሬ ግን ልነግረው አልችልም።

ዞር ብሎ ጭቃ የጠገበ ጫማዬን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን።

«አንቺስ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?»

ያን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እጄ የአልጋውን ብረት መያዙን ያወቅኩት እሱ ሲያየው ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አባ» አልኩት።

አላመነኝም።