በግቢዬ ብቻ ቀጥ ያለው ሻንሲ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው ግቢዬ ከአሮጌ ቮልስ የስፖርት መኪና ለመሥራት ከተነሣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ሻንሲውን ለሁለተኛ ጊዜ አስቆርጬ አሳጠርኩት። በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ብሎኬት ደረደርኩ፤ የቀጠርኩት በያጅ ሻንሲውን እላያቸው አጋድሞ በየደው። የግቢዬ አንድ ጥግ መስመጡን ሁለታችንም ዘነጋን። እዚህ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ያዘመመ ነገር አይታየውም።

ጎማ ገጥመን፣ ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንዲታጠብ በአይሱዙ ጭነን ሲ.ኤም.ሲ ወዳለ አንድ ላቫጆ ወሰድነው። ደልዳላው የሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወርድ አንዱ ጎማ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሻንሲው ደህና ነው። ጠማማው ወለሉ ነው» አለ በያጁ።

«እንግዲያው ከግቢዬ የማይወጣ መኪና ሠርተህልኛላ!»

«ሠርተናል ይበሉ እንጂ።»

እውነቱን ነው። ስለ መኪና ሥራ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ከጎረቤት ውሃ ልክ መዋስ ትዝ አላለኝም።

ለቁራሌው ልስጠው ወይስ እንደገና ላስቆርጠው? ለቁራሌው ብሰጠው አራቱ ዓመትም ከብረቱ ጋር በኪሎ ሊሄድ ነው። የላቫጆውን ባለቤት ለምነን እዚያው ወለል ላይ ልንቆርጠው ተስማማን። ወለሉ እስኪደርቅ ትርፍ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። አሁንስ ቀጥ ይል እንደሆነ በያጁን ለመጠየቅ እንኳ ደከመኝ።