ከቀኝ ሲነበብ

ቡታጅራ ጭማቂ ቤት አጠገቤ የተቀመጡ ወጣቶች በአንድ አሮጌ የእንግሊዞች የጠፈር ሥዕላዊ መጽሔት ይከራከራሉ። «አብራሪውን የገደለው ጸሐፊው ነው!» «ኧረ ሠዓሊው ነው!» የወረቀቱ ሽታ ልጅነቴን መለሰው።

ስኳር የተጠቀለለበትን እንዲህ ያለ ገጽ ለእናቴ አነበብኩላት። የተማርኩት ቁርኣን ቤት ብቻ ስለነበር ሥዕሎቹን እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ጀመርኩ። የተቃጠለው መንኮራኩር ተገጣጠመ፤ አብራሪው ቤቱ ገባ።

አስኳላ የተላከው ወንድሜ ከድር «ገልብጣ አነበበችው!» ብሎ ሳቀብኝ። ይቺን ነገር እስከ ዛሬ በየሰርጉ ያወራታል።

እናቴ ግን «ተዋት አንተ! እንደሷ ይሁንልኝ» አለችው። ታናሻችንን የቀበርን ሰሞን ነበር፤ ያኔ አልገባኝም።

መጽሔቱን ከወጣቶቹ ተቀብዬ ጣቴን በቀኝ በኩል አሳረፍኩ።

«እማማ፣ ከግራ ነው» አለኝ አንዱ።

«ከግራማ ይሞታል» አልኩት።