የአፈሙዙ ውታፍ

ቅዳሜ ዕለት ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃ አንግቶ ከኒሯቅ ገበያ ተመለሰ። በማግስቱ ሞተ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቅዳሜን ሳወራ ደስ ብሎኝ እንደነበር እንዳያስታውቅብኝ ነው። ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ሰቆጣ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። ለቅዳሜና እሑድ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄጄ ቤት እገባለሁ። ከርከሮ ማሽላችንን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ስለጨረሰው፣ ወንድሜ ፍየሎቹን ሸጦ በልጅግ ገዛ፤ በየተኩሱ መቀርቀሪያውን እየሳቡ የሚያጎርሱት ዓይነት። ብረቱ ቢያረጅም ለእኛ ቤት አዲስ ነው።

ግቢው ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ፈታታው። መቀርቀሪያውን በላምባ አጠበ፤ ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስሮ የአፈሙዙን ውስጥ ወለወለ። ለማንገቻ የሚሆነውን ጠፍር እኔ ቀደድሁለት። አጣምሜ ስለቀደድሁት፣ «ተማሪው፣ እስክሪብቶ የያዝህ መሰለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። አባታችን ከደጃፍ ተቀምጠው ያያሉ። ሲተኮስ ሳላይ አልመርቀውም ብለዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድሜ ከወንዙ ማዶ ባለ ነጭ ድንጋይ ላይ አንድ ጥይት ተኮሰ። ወደ ግራ ሳተ። ጫፉ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ በጠጠር ቀስ እያለ እየመታ ወደ ግራ ገፋ አደረጋት። በዚህ መሐል ለዓይን ያዝ አደረገ። ሁለተኛው ተኩስ ለነገ ተባለ።

በአቧራ ጊዜ አፈሙዝን ቅባት በነካው ጨርቅ መወተፍ በእኛ አገር የቆየ ነው። የጨርቁ ጭራ ግን ውጭ መንጠልጠል አለበት፤ የሚተኩሰው ሰው አይቶ እንዲነቅለው። አባቴ በአሮጌው ውጅግራ ጠመንጃቸው ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ያን ማታ እኔም ማንም ሳያዘኝ ወተፍሁት። ጭራው ግን አስጠላኝ። አዲሱ ጠመንጃ ላይ ቡትቶ የተንጠለጠለ መሰለኝ። በምላጭ ቆረጥሁና የቀረውን በእንጨት ወደ ውስጥ ገፋሁት። ለማንም አልነገርሁም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከብት ላጠጣ ወንዝ ወርጄ ነበር። ተኩሱን ሰማሁ። ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም። ጨርቁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ስደርስ ወንድሜ በጎኑ ወድቋል። ብረቱ ፈንድቶ አንገቱ ሥር ገብቶበታል። በቃሬዛ ይዘነው ወደ ሰቆጣ ወጣን። እኔ በራሱ በኩል ነበርሁ። መንገድ ላይ ዓይኑን ገልጦ፣ «ድንጋዩን መታሁት?» አለኝ።

«መታኸው፣ ጋሼ» አልሁት። አላየሁም ነበር።

ከተማው ሳንደርስ ሞተ።

አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ አብሮን የተሸከመው አጎቴ የሚያወራው ስለ ሻጩ ብቻ ነው። ብረቱ የተሰነጠቀ መሆኑን እያወቀ ሸጠልን ይላል። ቤት እንደደረስን የአጎቴ ሁለት ልጆች ጠመንጃቸውን አውርደው ይወለውሉ ጀመር። ቀብሩ እንዳለቀ ኒሯቅ ይወርዳሉ፤ ለምን እንደሚወርዱ የጠየቀ የለም። ደም ነው። ሻጩ ምስኪን ሽማግሌ እንደሆነ ወንድሜ ነግሮኝ ነበር። ብረቱን ያፈነዳው ግን የእኔ ጨርቅ ነው፤ ብናገር ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ። ዝም ብል ሰውየው ይሞታል። ይህን አውቄ ዝም አልሁ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እኔ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ መቃብር ቆፋሪዎቹ ገና ሲወጡ፣ አባቴ አጠገብ ሄጄ ተንበረከክሁ።

«አባዬ፣ ሰውየው ጥፋት የለበትም። አፈሙዙን የወተፍሁት እኔ ነኝ። ጭራውን ቆርጬዋለሁ።»

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ለመድገም አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ለእኔ አይደለም» አሉ። «ለአጎትህ ሂድና ንገረው። ቆመህ ንገረው።»

አጎቴና ልጆቹ ከበረቱ ጀርባ ዝናር እየታጠቁ ነበር። ፊታቸው ቆሜ ተናገርሁ። ትልቁ ልጅ ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣ፤ አጎቴ በክንዱ ያዘው። ከዚያ ውስጥ የቀረው ጨርቅ ርዝመቱ ምን ያህል እንደነበር ጠየቀኝ።

ሌባ ጣቴን ዘርግቼ በአውራ ጣቴ እስከ መገጣጠሚያው ለካሁለት። ጣቴን አየ። ከዚያ ዝናሩን ፈታ። እኔ ጣቴን አላጠፍሁም።