የተበከለችው ልጄ

ብክለት የሚለው ቃል የእንጀራዬ ቃል ነው። የከተማችንን የመጠጥ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ የምመረምር ሠራተኛ ነኝ፤ ምን በምን እንደሚበከል ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም ብዬ አምን ነበር። ለካ ሰውም ይበከላል። ልጄ ተበክላለች ብሎ የነገረኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ተመራማሪ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለባት። ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አንድም ቃል አልነበራትም። የአርባ ምንጭ ሙቀት ጉሮሮዋን ሲያደርቀው ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች፤ እኔ ደግሞ ውሃ ነው፣ ሙዝ ነው፣ ሆዷን ነው እያልኩ አብሬያት አለቅሳለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲጠማት እንድትነግረኝ። በጣቷም ይሁን በዓይኗ፣ ብቻ እንድትነግረኝ።

ኦቲዝምን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ እንግዲህ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሴቻ በሚባለው የላይኛው ሰፈር፣ ሁለቱ ሐይቆች ወለል ብለው ከሚታዩበት ሆቴል ሰበሰቡን። እነሱ ጀርባቸውን ለሐይቆቹ ሰጥተው ፎቶ ይነሳሉ፤ እኛ የልጆቻችንን ጆሮ በመዳፋችን ደፍነን ማይክሮፎኑ ሲያጓራ እንሰማለን። ድምፅ ለሚያሳብዳቸው ልጆች ማይክሮፎን፣ ጉድ እኮ ነው። የጥናቱ አስተባባሪ የሆነው ተመራማሪ ሁላችንንም "እናት" እያለ ይጠራናል፤ ስም እንዳለን የነገረው የለም። እናቶችን በማሠልጠን የሚሰጥ አዲስ ሕክምና እንዳለ፣ ግማሾቻችን አሁኑኑ እንደምንሠለጥን፣ የቀረነው ግን ጥናቱ እስኪያልቅ "ተጠባባቂ" እንደምንሆን፣ ሲያልቅ ግን ሥልጠናውም የንግግር ባለሙያም እንደሚደርሰን አስረዳን። የሚለየን ዕጣ ነው። ለማነጻጸር መሆኑ ይገባኛል፤ እኔም መርማሪ ነኝ። ተጠባባቂ ሆንኩ፤ ሜዳ ዳር ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስርና ሲፈታ የሚውል ተጫዋች ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሥልጠናው የደረሳት ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ሲቀላ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ አብራኝ ተከራይታ የምትኖር ጎረቤቴ። ባሏ ሸማኔ ነው፤ ከጋሞ ተራሮች፣ ከኦቾሎ የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ወንድ ልጇም እንደ ልጄ ነው። የተማረችውን ለማንም እንዳታሳይ አስፈረሟት። ግቢያችን አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ያለው ነው፤ የአንዷ ወጥ ሲያር ሌላዋ ታስነጥሳለች። እዚያ ውስጥ ምስጢር ጠብቂ ማለት ውሃ በወንፊት ቅጂ ማለት ነው። የምንበላውን፣ የምንተኛበትን፣ ያረገዝንበትን ወር ሁሉ ሲጠይቁን የዋሉ ሰዎች ማን ከማን ጋር እንደሚኖር መጠየቅ ረሱ። ይሄ ነው እንግዲህ ምርምር።

ጎረቤቴ ፊርማዋን ለማክበር ሞክራለች፣ ሐሰት አልናገርም። በዚያ ቆርቆሮ ቤት፣ በዚያ ወበቅ፣ በሯን ዘግታ ልጇን ታለማምድ ነበር። ጥቂት ታግሣ አልሆነላትም፤ ቧንቧው ጋ ወጣች። ልጄ በጥማት ራሷን ስትመታ ስታይ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። አማርኛዋ ወንድና ሴት ያምታታል። ኩባያውን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "ውሃውን ያዢ። ቶሎ አትስጪው። ዓይኑን እስኪያመጣ ጠብቂ" አለችኝ። ዓይኑን ያለችው የልጄን ነው። ጠበቅሁ። ልጄ ጮኸች፣ ነከሰችኝ፣ ኩባያውን ደፋችው፤ ደግሜ ቀዳሁ። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እጄን ይዛ ወደ ቧንቧው ጎተተችኝና ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እልል አልኩ።

ተመራማሪዎቹ የልጆቹን ለውጥ ሊለኩ ሲመለሱ ይህንኑ በኩራት ነገርኳቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ። ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ቆይቶ አስተባባሪው ራሱ በባጃጅ ቤቴ መጣ። ሃይላንድ ውሃውን ጠረጴዛዬ ላይ አቆመና፣ ተጠባባቂዋ ሕክምናውን ቀድማ ስለቀመሰች ለማነጻጸሪያ አትሆንም፤ በጥናት ቋንቋ "ብክለት ተፈጥሯል" አለኝ። ስለዚህ ልጄ ከጥናቱ ወጥታለች። ከጥናቱ ስለወጣች ደግሞ በመጨረሻ ይደርሳታል የተባለው ሥልጠናም፣ የንግግር ባለሙያውም ቀርቶባታል። ደንቡ ነው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የንግግር ባለሙያ በዚህ ከተማ ፈልጌ አጥቻለሁ። ያቺን ተራ ስጠብቅ የኖርኩት ለዚያ ነው። ደሜ ፈላ። ውሃ ሲበከል በሽታ ያመጣል፤ ልጄ ግን የተሻላት በመበከሏ ነው፤ ይህን እንዴት ብዬ ለዚህ ሰው ላስረዳው?

ይኼኔ ልጄ ከጓዳ ወጣች። ሃይላንዱን አየች። የአስተባባሪውን እጅ ይዛ ወደ ጠርሙሱ ወሰደችው። ደንግጦ ክዳኑን ከፈተና ቶሎ ሊሰጣት ሲል ክንዱን ያዝኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እርስዎ" ነበር የምለው።

"ቆይ" አልኩት። "አሁን ደግሞ አንተ ጠብቅ።"

ጠበቀ። ልጄ ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ ከንፈሯን አሞጠሞጠችና "ው... ሃ" አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ ለእሱ ወጣ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ጠርሙሱን ሰጣት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ያም ሆኖ ሲናገር ያው ነው።

"ያሳዝናል፣ እናት። ይህን መመዝገብ አልችልም።"

ልጄ ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣችና ባዶውን ጠርሙስ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።