የማዳም ነጭና የኔ ነጭ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ በረኪና በረኪና ይሸተኝ ነበር። ጦርነቱ አብቅቷል፤ የቤይሩት ግድግዳ ግን ገና በጥይት እንደተበሳሳ ነው። እማዬ ደክዋኔ የሚባል ሰፈር ማዳሟ ቤት እየሠራች እዚያው ታድራለች፤ እኔ ደግሞ ናባዓ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከወሎዋ ከእትዬ ዘይነባ ጋር እኖራለሁ። ማዳም ቅዳሜን ፈቅዳልኝ ስለነበር፣ ቅዳሜ ሲነጋ እትዬ ዘይነባ ሹሩባ ትሠራኝና በቫን ይዛኝ ትሄዳለች። እናት የነበረችኝ በሳምንት አንድ ቀን ነው።

ያቺን ቀን የምናሳልፋት የኩሽናው በረንዳ ላይ፣ በቆሸሸ ልብስ መሃል ተቀምጠን ነበር። የሚስቅብኝ ይሳቅ፤ ከዚያ የሚጥም ጨዋታ አላውቅም። ኪስ መፈተሽና ካልሲ መገልበጥ የኔ ድርሻ ነው። ከዚያ ነጩን ለብቻ፣ ቀለም ያለውን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ እንከምራለን። እማዬ የሸሚዝ አንገት በሳሙና እያሸች፣ "ነጭ ከነጭ ጋር ካልሆነ ጉድ ይፈላል" ትለኛለች። አራተኛም ክምር ነበረን፤ የእኛው። እሱ ሳፋ ውስጥ በእጅ ይታጠባል እንጂ ገሳሌዋ፣ ማለትም የልብስ ማጠቢያዋ ውስጥ አይገባም። የማዳም ትእዛዝ ነው። እኔም በመስታወቷ የሰው ልብስ ሲሽከረከር እያየሁ እቀናለሁ።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡን ያወርደው ጀመር። በማግስቱ ፋሲካ ነው፤ እማዬ ከአገር ቤት ያስመጣችልኝ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ አልታጠበም። በእጅ ቢታጠብ በዚያ ዝናብ አይደርቅም፤ ገሳሌዋ ግን አጥብቃ ትጨምቃለች። ማዳም ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታለች። እማዬ ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀሚሴን አንስታ ከማዳም ነጭ ክምር ላይ ጣል አደረገችው።

"እማ፣ ጥለቱ ቀይ ነው እኮ!"

"የሀበሻ ቀሚስ ነጭ ነው። ያላ፣ አስገቢው!" አለችኝ እየሳቀች። ነጭ ልብስ ሲባል በአገሯ ያደገችበት እሱ ነውና ጥለቱ አልታያት።

መሬት ላይ ቁጭ ብለን፣ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ፣ ቀሚሴ ከማዳም ባል ሸሚዝ ጋር ሲተቃቀፍ አየን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አረፋው ሮዝ መሆን ሲጀምር እጇ ፀጉሬ ላይ ቀጥ አለ።

ማዳም ስትመለስ ሮዝ የሆነውን ሸሚዝ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። አልጮኸችም። "የባሌ ሸሚዝ ከእሷ ቀሚስ ጋር? ያኒ፣ ልጅቷ ከእንግዲህ እዚህ አትመጣም። ኸላስ፣ አበቃ።"

"ማዳሜ፣ እኔን ቅጪኝ፤ ቅዳሜዋን ግን አትውሰጂባት" ብላ እማዬ እግሯ ላይ ወደቀች። ማዳም ግን ወደ ውስጥ ገባች።

ቀሚሱን ለፋሲካ ለበስኩት፤ እማዬ ግን ለብሼው አላየችኝም። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘይነባ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎቁ ሥር መንገድ ላይ ታቆመኝ ነበር። እማዬ ልብስ ስታሰጣ ካልሲ ታውለበልብልኛለች። እኔም እጄን አውለበልባለሁ፤ ከዚያ እንመለሳለን።

ዛሬ የራሴ ማጠቢያ አለኝ። እማዬም አርጅታ ከኔ ጋር ናት፤ ሳምንቱ ሙሉ የኛ ነው። ያ በረንዳ ግን ይናፍቀኛል፤ ያ ጭን፣ ያ የበረኪና ሽታ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በነበረን ጊዜ ቀኗን እንዴት እንሳሳላት ነበር!

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ ስለይ፣ እማዬ ነጠላዋን ከኔ ልብስ አርቃ ሳፋ ውስጥ ስታስቀምጥ አየኋት። ዛሬም አራተኛ ክምር አላት። ነጠላውን አንስቼ ከነጮቼ ጋር ከተትኩት።

"ተይ ልጄ፣ ጥለቱ ይለቃል" አለችኝ ደንግጣ።

"ይልቀቅ፣ እማ" አልኳትና እጇን ይዤ መሬት ላይ አብረን ተቀመጥን፤ ራሴን ጭኗ ላይ አደረግኩ።