አለቃዬ የተቀመጠበት የምርጫ ጣቢያ

በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ በጊዜያዊነት እሠራ ነበር። ምርጫው ሲቃረብ የፈረቃችን አለቃ የእኛን አገር ሰዎች ምሳ ቤት ሰብስቦ አነጋገረን።

«እናንተ ሰፈር ትምህርት ቤት ያለው ቀልፒ ላይ ፓርቲዬን ወክዬ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለ። ቀልፒ በዕብራይስጥ የድምፅ መስጫው ሣጥን፣ ጣቢያውም ጭምር ነው። «ድምፁ የሚቆጠረው እዚያው፣ ዓይኔ እያየ ነው። ማን ከእኛ ጋር እንደሆነ አውቃለሁ።»

አልተቆጣም። ፈገግ እያለ ነበር የተናገረው፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የእሱ ፊርማ ያስፈልገኝ ነበር።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ፣ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሳቸው ዘግይተው አወጡ። በዚያው ሳምንት ታጣቂዎች ቤታችን መጥተው ወሰዷቸው። ሲፈቱ ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። የነገርኳቸውን በቀኝ ጆሯቸው ሰምተው ሲያበቁ፣

«አትሂጂ ልጄ» አሉኝ። «ካልመረጥሽ ምን ያገኝብሻል?»

የምርጫው ዕለት ግን ማልደው ተነሥተው፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

«የመጣውን ሰው ስም ከመዝገቡ ላይ ይሠርዙታል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያ የቀረውንም ያውቁታል። መሄዱ ይሻላል።»

ደፍረን አልነበረም የሄድነው። መቅረቱም ስላስፈራን ነው።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ እንዳለውም አለቃዬ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀልኝ። ከጎኑ የጣቢያው ሰብሳቢ፣ ዕብራይስጧ ሩሲያኛ ሩሲያኛ የሚል ጠና ያለች ሴት፣ የአባቴን መታወቂያ አይታ ፖስታ ሰጠቻቸው። አባቴ ወደ መከለያው ጀርባ ገቡ። እዚያ የየፓርቲው ወረቀት ተደርድሯል፤ የፈለጉትን አንዱን ፖስታው ውስጥ ከትቶ መውጣት ነው። አባቴ የዕብራይስጥ ፊደል የሚያነቡት እያዘገሙ ስለሆነ ቆዩ። በጣም ቆዩ።

አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። «ሽማግሌው ተቸግሯል፤ ልርዳው» ብሎ ወደ መከለያው አመራ።

ተው ልለው አንድ እርምጃ ተራመድኩና ቆምኩ። በዚያች ቅጽበት የታየኝ አባቴን ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች ቤታችን ሲገቡ ነው።

«ተመለስ» አለች ሰብሳቢዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የጣቢያው ኮሚቴ አባል መራጭ አይረዳም። ርዳታ ካስፈለገው የሚረዳውን ሰው የሚመርጠው እሱ ራሱ ነው።»

«እኔ እኮ ለደግ ብዬ ነው።»

«ሕጉ ለአንተም ለእኔም አንድ ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ፤ ፊቱ ቀልቷል። ልቤ ይረጋል ስል ጭራሽ ፍርሃቴ ባሰ፤ በሰው ፊት የተዋረደበትን ነገ ፋብሪካ ውስጥ እኔ ላይ የሚወጣው መሰለኝ። አባቴ ወጡና ፖስታውን ሣጥኑ ውስጥ ጨመሩት።

ተራዬ ደርሶ ስገባ እጄ መጀመሪያ ያነሣው የአለቃዬን ፓርቲ ወረቀት ነው። ፖስታው ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ዞር ዞር ብዬ አረጋገጥኩና አወጣሁት። በምትኩ ያስገባሁትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሥራ ስንገባ አለቃዬ ማሽኑ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «ከእናንተ ሰፈር ያገኘነው ጥቂት ነው» አለኝ። «አንቺ ማንን መረጥሽ?»

«ምስጢር ነው» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል አዛወረኝ። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ማስረጃ የለኝም። ቋሚነቴንም አልፈርም አለ። ፈራ ተባ እያልኩ የሠራተኞች ኮሚቴ ዘንድ ሄጄ አመለከትኩ፤ ከብዙ መመላለስ በኋላ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ፈረመልኝ። ሥራዬ ግን እዚያው ብርዱ ውስጥ ሆኖ ቀረ።

ብዙም ሳንቆይ መንግሥት ከመሠረቱት ፓርቲዎች አንዱ ጥሎ ወጣና መንግሥቱ በፓርላማ አብላጫውን አጣ። ምርጫ እንደገና ተጠራ። ዜናውን ለአባቴ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

«መንግሥት ወደቀ ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«የወደቀውስ የት ገባ?»

«ምርጫ እስኪደረግ እሱ ይሠራል። ቢሸነፍም እዚያው ፓርላማ ተቃዋሚ ሆኖ ይቀመጣል።»

አባቴ ያመኑኝ አልመሰለኝም። ተነሥተው መስኮቱን ዘጉና መንገዱን በመስታወቱ ሲመለከቱ ቆዩ።

በምርጫው ዕለት እንደገና አብረን ሄድን። ጠረጴዛው ኋላ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን አለቃዬ ይኖር ይሆን ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ አባቴም ክንዴን ጠበቅ አድርገው ይዘውኛል።