የኦርቪል ስታምፐር ቂም

ኦርቪል ስታምፐር እጁ አያርፍም ነበር። በኬንታኪ ተራሮች ውስጥ፣ ላረል ፎርክ በምትባል የከሰል አገር፣ ኖብል የሚባል ዘር ሁሉ ጠላቱ ነው። በሃያ ዓመቱ አንዱን ኖብል ከማዕድኑ ደጃፍ ይዞ መንጋጋውን አወላለቀው። በሠላሳው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ፣ አዎ፣ በእግዜር ደጅ፣ የዴንቨር ኖብልን ግራ ዓይን በጠርሙስ ስባሪ አፈሰሰው። ታስሮ ሲወጣም ቅንጣት አልተጸጸተም።

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። የኦርቪል አያት በገዛ ምድጃው አጠገብ ጀርባውን በጥይት ተመትቶ ሞተ። የዴንቨር አያት ዊሊ ኖብል ገደለው ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛው ግን በር ዘግቶ አንድ ጠዋት አስችሎ ለቀቀው። "ዳኛውን ገዝቶት ነው!" አለ ሰው ሁሉ። የኦርቪል አባት ሄንሊ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ዝም ይል ነበር። ልጁ ዝምታው ሐዘን መሰለውና ቂሙን እንደ ርስት ተረከበ።

አሁን ሸምግሏል፤ ሳንባውን የከሰል ብናኝ በልቶታል። ሳይሞት አንድ ነገር ይፈልጋል፦ በግንቦት ዘመድ ሁሉ መቃብር ሊያጸዳ ሲሰበሰብ፣ በአያቱ አዲስ ድንጋይ ላይ "ዊሊ ኖብል የገደለው" የሚል ተቀርጾ ማየት። ድንጋይ ጠራቢው ግን "ማስረጃ ሳታመጣ መሮዬን አላነሳም። ኖብሎች ሱቄን ያቃጥሉብኛል" አለው።

ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄደ። የመዝገብ ቤቷ ሎሬታ ከምድር ቤት አቧራ የጠጣ የክሱን መዝገብ ጥቅል አወጣችለት።

"አጎቴ ኦርቪል፣ ሰው እዚህ መጥቶ የአያቶቹን ሠርግ ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ጥይት!"

"አፍሽን ያዢና ክሩን ፍቺልኝ።"

ፈታችለት። ቃል ሰጪ፦ ሄንሊ ስታምፐር፣ ዕድሜ ዘጠኝ።

"አባዬ እማዬን በእሳት መቆስቆሻው ብረት መታት። ጥርሶቿ መሬት ላይ ወደቁ። ተው አልኩት። አልተወም። ሕፃኗን ከእጇ ነጥቆ ግድግዳው ላይ ወረወራት። ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ዊሊ ኖብል ተኩሱን ሰምቶ መጣና ከእጄ ወሰደው።"

ከሥሩ ዳኛው "ስለ ልጁ ሲባል ይህ ቃል ከዚህ ክፍል አይውጣ፤ ዊሊ ኖብልም ዝም ሊል ምሏል" ብሎ ጽፏል።

ኦርቪል ሴት አያቱን ያስታውሳታል፤ መንጋጋዋ የተጣመመ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ገንፎ ብቻ የምትበላ ሴት። በቅሎ ረግጧት ነው ይባል ነበር። ወረቀቱ ላይ አለቀሰ፤ ሎሬታ ደንግጣ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ሳይጠብቃት ወጥቶ ወደ ዴንቨር ቤት ሄደ።

ዴንቨር ሲመጣ አይቶት በረንዳው ላይ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጠበቀው።

"የቀረችውን ዓይን ልትወስዳት ነው?"

"ታውቅ ነበር?" አለ ኦርቪል። "የአባቴን ነገር።"

ዴንቨር ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። "አያቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። እንዳልናገርም አስማለኝ።"

"አንተ ሰው! ዓይንህ ሲፈስ እንኳ? አንዲት ቃል እኮ ነበር የሚበቃህ!"

"አባትህ እራቱ ላይ እዚያው ቆሞ ነበር" አለ ዴንቨር። "አንተ ደረቴ ላይ ተቀምጠህ፣ እሱ ሳህኑን እንደያዘ ያየኝ ነበር። እሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት።"